እስከ ሰማንያው ቀን፦ ከሆለታ ወደ ልደታ

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከልደታ ተነሣሁ። የጉዞው ምክንያት ሁለት ነበር፤ አንደኛው በያዝሁት የይለፍ ወረቀት ላይ ተጽፏል፣ ሁለተኛው አልተጻፈም። በወረቀቱ መሠረት ሆለታ ለሰፈሩ የጣሊያን ወታደሮች የኦፔራ ሸክላ የማጫውት ሰው ነበርሁ። ያልተጻፈው ምክንያት ግን እኅቴን አስካለን ከመናገሻ ደን ሥር ተቀብዬ፣ ሴት ልጇ ክርስትና በምትነሣበት በሰማንያኛው ቀን፣ ማለት ቅዳሜ፣ ልደታ ማርያም ማድረስ ነበር።

ይህን ጉዞ እስከ ዛሬ ለማንም አልተረክሁም። ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘ በሦስተኛው ዓመት፣ ቋንቋውን ስለማውቅ፣ ለወታደሮችና ለባለሥልጣኖች በተከፈተ አንድ የመዝናኛ ቤት አስተርጓሚ ሆኜ እሠራ ነበር። ሥራዬ ለተጋበዙ የአገር ሰዎች የኦፔራውን ታሪክ በአማርኛ ማስረዳትና ወደ ውጭ ሰፈሮች ሸክላ ይዞ መዞር ነው። ከነጻነት በኋላ «ያን ጊዜ የት ነበሩ?» የሚለኝ ሰው ሲመጣ ዝም ማለትን መረጥሁ። የበላሁትን እንጀራ አሁንም አላስተባብልም። አስካለም ሆነች ባልንጀራዋ ብዙነሽ በሕይወት ስለሌሉና የሆነውን ስላልጻፉት ብቻ እጽፈዋለሁ።

አስካለ ከባሏ ጋር ደን ገብታ የአርበኞች ጥይት ጠባቂ ነበረች፤ ጠላት ሲመጣባቸውም ትተኩሳለች። ልጇን እዚያው ወለደች። ጦሩ ቦታ በለወጠ ቁጥር የሕፃን ልቅሶ ለሁሉም አደጋ ስለሆነ፣ ሁለት ወር ሲሞላት ልደታ ወዳለው ቤቴ፣ ለአክስታችን ለእትዬ ወለተ ላከቻት። ከዚያ ወዲህ ወተቷ እንዳይነጥፍ በቀን ሦስት ጊዜ እያለበች መሬት ላይ ታፈሰው ነበር። ብዙነሽም የአምስት ወር ወንድ ልጅ ጌጃ ሰፈር ትታ እንዲሁ ታደርጋለች። የጦር አለቃቸው ለሴት ፈቃድ ሰጥቶ አያውቅም፤ አሁን ግን እንዲህ አለ፦ «አስካለ ትሂድ። እሑድ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተመለሰች ብዙነሽ ትሄዳለች። ካልተመለሰች ፈቃድ የሚባል ነገር አበቃ።»

ሐሙስ፦ እስከ ሆለታ

የጭነት መኪናው ሾፌር ዜማ የሚወድ ወፍራም ጣሊያናዊ ነበር። ኮልፌን ስናልፍ ባሕር ዛፍ ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱ ሴቶች መንገዱን ሞልተውታል። ገፈርሳ ኬላው ላይ ወረቀቴ ታየ። ከዚያ ወዲያ አስፋልቱ አዲስ ነው፤ በግራና በቀኝ ጤፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ሆለታ ስንደርስ ከያዝናቸው ሸክላዎች አንዱን ተሰብሮ አገኘነው። ሾፌሩ ራሱን ይዞ «ሣጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ የሚይዝ ሰው ያስፈልገናል» አለ። እኔም «እኅቴ መናገሻ አማቷን ጠይቃ ነገ ትመለሳለች፤ እሷ ትይዘዋለች» አልሁት። ደስ አለው። በአንድ ሊሬ ዳቦና ሦስት የተቀቀለ እንቁላል ገዝቼ በላሁ። ወታደሮቹ በባዶ የቤንዚን ቆርቆሮ ላይ ተቀምጠው እስኪመሽ አዳመጡ።

ዓርብ፦ ከመናገሻ እስከ ገፈርሳ

አስካለ ከአንድ ትልቅ ጥድ ሥር የእንቁላል ቅርጫት ይዛ ቆማለች። ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ሾፌሩ ጎማ ሲቀይር ቆይተን ዘግይተናል። ከኋላ፣ ከጭነቱ ጋር አብረን ተቀመጥን።

«ጠጋ አይበሉኝ ጋሼ፤ ጭስ ጭስ እሸታለሁ» አለችኝ።

«ጎፈሬሽስ?»

«ትናንት ሦስት ሴቶች ተቀምጠውብኝ ሲያበጥሩና ሲጎነጉኑኝ ዋሉ። ከጥይት ያመለጠ ራስ በማበጠሪያ ሊሞት ነበር!»

የሸክላውን ሣጥን ጭኗ ላይ አደረግሁላት። ምን እንዳለበት ጠየቀችኝ።

«የጦር ልብስ ለብሳ ለአገሯ የዘመተች ሴት ታሪክ ነው። ልጇን ለሎሌ ሰጥታ ትሄዳለች፤ በመጨረሻ ሜዳ ላይ ቆስላ እየዘፈነች ትሞታለች።»

«ስንት ሸክላ ነው?»

«መሞቻዋ ብቻ ሁለት ሸክላ፤ አራት ገጽ።»

ሣቀች። «ተወግታ ይህን ያህል ትንፋሽ ካላት፣ ምነው ተነሥታ ቤቷ አትሄድም!» ጥቂት ቆይታ ግን ሣቋን አቆመችና «ልጁንስ ማን አጠባው?» አለችኝ።

ታሪኩን ለአንድ ዓመት ያህል አስረድቻለሁ፤ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «አልተነገረም» አልኋት።

«ለሞቷ አራት ገጽ ተገኘ፤ ለልጁ አንድ መሥመር ጠፋ» አለችና ሣጥኑን አጥብቃ ያዘች።

ገፈርሳ ኬላ ስንደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። ጣሊያናዊው የኬላ አለቃ ሸክላ መጫኑን ሲሰማ አንድ እንዲያጫውትለት ሾፌሩን ለመነው። ሾፌሩም ማጫወቻውን አውርዶ ድንጋይ ላይ አስቀመጠና ያንኑ መሞቻ ከፈተ። በዚህ መካከል የእኛው አገር ሰው የሆነ አንድ የኬላ ዘበኛ ወደ አስካለ መጣ።

«ውረጂ። እጅሽን ዘርጊ» አላት። መዳፏን አየ። «ይህ ከምን ነው?»

«ከመጅ ነው። እናትህም አላት።»

«ወዴት ነሽ?»

«ልደታ። ልጄ ነገ ሰማንያ ቀኗ ነው፤ ክርስትና ትነሣለች።»

«ጡት የምትጠባ ልጅ ጥላ አገር የምታካልል እናት አላውቅም። ቀኝ ትከሻሽን ግለጪ!»

በትከሻዋ ላይ የጠመንጃው ሰደፍ ያጠቆረው ቦታ እንዳለ እኔም አውቅ ነበር። «እኅቴ ናት፤ ወረቀቴን ተመልከት» አልሁ። «አንተን አልጠየቅሁም» አለኝ። እሷ ነጠላዋን በዝግታ ያዘች። ከበስተጀርባችን የሸክላይቱ ሴት ድምፅ ወደ ላይ እየወጣ ነበር። በዚያ ቅጽበት የአስካለ ቀሚስ ከደረቷ በሁለት በኩል ረጠበ፤ እርጥበቱም ሰፋ።

ዘበኛው አየና ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። «ሸፍኚ» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ሂጂ። ሕፃኗን አታስርቢያት።»

መኪናው ኬላውን እንዳለፈ እንደ ተማረ ሰው ነገሩን ማራቀቅ ጀመርሁ፤ ዜማ የእናትን አንጀት እንደሚያላውስ፣ የሴቲቱም ድምፅ የሕፃን ልቅሶ እንደሚመስል ነገርኋት።

«የምን ዜማ ነው ጋሼ? በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ አልባለሁ፤ ዛሬ እናንተን ስጠብቅ ሳላልብ ስምንት ሆነ።» 

ቅዳሜ፦ ልደታ

ዓርብ ማታ ቤት ስንደርስ ሕፃኗ አስካለን አላወቀቻትም። እትዬ ወለተ የላም ወተት በጥጥ እያጠጣች ስላሳደገቻት፣ ጡት ሲሰጣት ፊቷን አዙራ አለቀሰች። አስካለ ማልዳ ተነሥታ ገላዋን ታጠበችና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። እትዬ ወለተ የክርስትና እናት ሆነች፤ ቄሱ ሜሮን ቀቡ፣ ማተብ አሰሩ፤ እናትና ልጅ ቆረቡ። ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጣ እንደገና ሰጠቻት። ሕፃኗ አንድ ጊዜ ተፋችው፤ ሁለተኛ ጊዜ ያዘች። አስካለ እግሯ እስኪደነዝዝ ድረስ አልተነቃነቀችም።

ቤት ስንመለስ እትዬ ወለተ ተቆጣች። «አሁንማ ለምዳሻለች! ጡት የያዘች ልጅ ጥሎ መሄድ እግዜርም አይወደው። ቅሪ። ባልሽ እዚያ የለም ወይ? ከአንድ ቤት ሁለት ሰው ካልዘመተ አገር አይቆምም?»

«እኔ ብቀር፣ የብዙነሽ ልጅ እናቱን አያያትም፤ ከኋላዋ የሚጠብቁም አሉ።»

«የብዙነሽን ልጅ ብዙነሽ ታስብለት!»

«እሷ ናት የእኔን የምታስብልኝ፣ አክስቴ» አለች። ትርጉሙን ያን ጊዜ አልተረዳሁትም።

እሑድ፦ ወደ መናገሻና ወደ ቤት

እሑድ ወታደሮቹ ሌላ ሸክላ ስለፈለጉ መኪናው ተመልሶ ሄደ። ኬላው ላይ የዓርቡ ዘበኛ አልነበረም። አራት ሰዓት ላይ አስካለ ከጥዱ ሥር ወረደች። ለሕፃኗ ልብስ የሚሆን ቁራጭ አቡጀዲ ልግዛላት ወይ ብዬ ብጠይቃት «ይግዙላት፤ ሰፋ አድርገው ነው ታዲያ፤ ልጅ ያድጋል» ብላኝ ወደ ደኑ ገባች። ከዚያ እስከ ጦሩ ድረስ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ በዚያ ሳምንት ደግሞ አሰሳ ነበር። መድረሷን የማውቀው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስንመለስ ብዙነሽ ከጥዱ ሥር ከቆመች።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ስንመለስ ከጥዱ ሥር ማንም የለም። ሾፌሩን ማጫወቻውን ላስተካክል ብዬ አስቆምሁት። ገመዱን ፈታሁ፤ መልሼ አሰርሁ። ሾፌሩ ሲጋራውን ጨርሶ ሁለተኛ አቀጣጠለ። ሦስተኛ ጊዜ ገመዱን ስፈታ አንዲት ቁመተ ረጅም ሴት ከደኑ ወጣች። ሹሩባዋ ገና ትኩስ ነው፤ በችኮላ ተጎንጉኖ ሁሉም መሥመር ወደ ግራ ያዘነብላል። አስካለ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትጎነጉን እጇ ወደ ግራ ይሄድ ነበር። ሌላ ምስክር አላስፈለገኝም።

ሾፌሩ አያት። «ይህችስ?»

«ሌላይቱ እኅቴ ናት።»

«ለመሆኑ ስንት እኅት አለህ?»

«ብዙ ነን።»

ለረጅም ጊዜ ተመለከተኝ። ከዚያም የሸክላውን ሣጥን በገዛ እጁ አንሥቶ ጭኗ ላይ አስቀመጠላትና ወደ መሪው ሄደ።

ከተማ ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። «ጌጃ ሰፈር ቅርብ ነው፤ ላድርስሽ» አልኋት።

«መጀመሪያ እርስዎ ቤት» አለች።

ገብታ እጇን ታጠበች፤ እትዬ ወለተን እጅ ነሥታ ሕፃኗን ተቀበለቻት። ልጅቱ አላንገራገረችም። ብዙነሽ በአንድ ጡቷ ካጠገበቻት በኋላ ደረቷን ሸፈነች። «ይህኛው የእሷ ነው፤ ያኛው የልጄ። እንዲህ ተካፍለናል። አስካለም በሚቀጥለው ስትመጣ መጀመሪያ የምትሄደው ጌጃ ሰፈር ነው» አለች። እትዬ ወለተ ተጠግታ ነጠላዋን አስተካከለችላት።

ሰኞ ወደ መዝናኛ ቤቱ ሥራዬ ተመለስሁ። ከሰዓት በኋላ ለተጋበዙ የአገር ሰዎች ያንኑ ታሪክ አስረዳሁ። የጦር ልብስ መልበሷን፣ ልጇን ለሎሌ ሰጥታ መሄዷን ተናገርሁ። ከዚያም በኦፔራው ውስጥ የሌለ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመርሁ፦ «ልጁንም አብራት የዘመተች ሌላ እናት አጠባችው» አልሁ። ከፊት የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ራሳቸውን ነቀነቁ። ከጣሊያኖቹ አማርኛ የሚሰማ ስላልነበረ ያረመኝ የለም፤ እኔም ከዚያ በኋላ ታሪኩን ባስረዳሁ ቁጥር እንዲሁ እል ነበር።