ቃሉን ሲጀምር ጥሪኝ

ዛሬ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ጋቢያቸው በዝናብ ርሶ ነበር። ሽታው ንፋስ መውጫ ከተማ፣ ዘጠነኛ ክፍልን ወደ ጨረስኩበት ክረምት መለሰኝ።

ያን ቀን በወንድሜ ስልክ፣ አንድ የሮክ ጊታር ተጫዋች ያለ ድምፃዊ የሠራውን አልበም እሰማ ነበር። ጊታሩ አንዲት ድምፅ ይዞ ለረጅም ጊዜ ይጎትታል፤ ከሥሩ የሩቅ ነጎድጓድ የመሰለ ነገር ያጉረመርማል። ሲሰሙት ቤቱን የሚያጨልም ሙዚቃ ነው፤ እኔ ወድጄው ነበር። የዜማ መምህር የነበሩት አያቴ ከቅዳሴ ሲገቡ ላጠፋው ተነሣሁ።

«ተይው፤ ገና እየቃኘ ነው» አሉኝ። በገና ደርዳሪ ከቃሉ በፊት አውታሩን የሚቃኝ መስሏቸዋል። ርጥብ ጋቢያቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ጠበቁ።

«አባባ፣ አለቀ እኮ። ቃል የለውም።»

«ሰው ሞቶበት ይሆናል፤ ቃሉ እንቢ ብሎት ነው» አሉ። «ሲጀምር ጥሪኝ።»

አያቴ ካረፉ ቆይተዋል። አልበሙ አሁን የኔ ስልክ ላይ አለ፤ ባጃጁ ውስጥም ከፈትኩት። ቃል እንደሌለው አውቃለሁ። መጨረሻው ሲቃረብ ግን ሁልጊዜ ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ።