ለእንግዳ ማንበብ

«ልጄ፣ ያነበብሽው ግን ገባሽ?» ብለውኝ ነበር የአባዬ ጓደኛ ጋሽ ታደሰ፣ ሁለተኛ ክፍል እያለሁ።

ዛሬ በኦንላይን እንግሊዝኛ የማስጠናው ቻይናዊ የሃይስኩል ተማሪ ምንባቡን አንበልብሎ ሲጨርስ እናቱ ከጀርባው አጨበጨበች። ጭብጨባው አናደደኝ፤ አሜሪካ፣ ሬንተን ከተማ የነበረውን የልጅነት ሳሎናችንን አስታወሰኝ።

አባዬ እንግዳ በመጣ ቁጥር አቁሞ እንግሊዝኛ ያስነብበኝ ነበር። ጋሽ ታደሰ የጠየቁኝ ቀንም አፌን ሳልከፍት እሱ መለሰ።

«እንዴት አይገባትም! ፈረንጅ እኮ ናት! ትምህርት ቤቱ የንባብ እርዳታ ክላስ ትግባ ሲለኝ፣ የኔ ልጅ ደደብ አይደለችም ብዬ እምቢ አልኩ።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ኮራሁ። አባዬ ምን እንደከለከለኝ የገባኝ ኮሌጅ ገብቼ ስወድቅ ነው።

ማስጠናቱን ጨርሼ ሳሎን ወጣሁ። አባዬ ቲቪ ያያል።

«አባዬ፣ ያኔ ለእንግዳ ሳነብ ምንም አልገባኝም ነበር» አልኩት።