የእማማ ከድጃ ጓሮ

ባለቤቴ ዙልፋ ሰው ስታይ መጀመሪያ የምታየው እግሩን ነው። ስንጋባ ይህን የነገረኝ የለም። ወልድያ ገበያ መሐል ሰላም የሚላትን ትታ ከፊታችን የሚሄደውን ሕፃን ጉልበት ስትመረምር ስንቴ አሳፍራኛለች! ሥራዋ ነው። የልጆች አጥንት ለምን እንደሚለሰልስ፣ ከፀሐይ የሚገኘው ቫይታሚን ዲ ለምን እንደሚያንሳቸው ታጠናለች። "ይህ ሁሉ ፀሐይ ባለበት አገር?" ብዬ እስቅባት ነበር።

"ፀሐዩማ አለ፤ ልጆቹ ናቸው የሌሉበት" ትለኛለች።

ነኢማን ያገኘቻት መርሳ ላይ ለጥናቱ ልጆች ስትመዝን ነው። ልጅቷ ዓመት ከአሥር ወር ሆኗት ቆማ አታውቅም። የእጇ አንጓ አብጧል፤ እግሯ ጎብጧል። ግራና ከምትባለው ከተማ ይዘዋት የመጡት አያቷ እማማ ከድጃ ናቸው። እናቷ ዓረብ አገር ለሥራ ስትሄድ ለሳቸው ትታት ነው የሄደችው።

"ልጄ፣ ይቺ ልጅ አማና ናት፣ የሰው አደራ" አሏት ዙልፋን። "እናቷ መጥታ እንዲህ ተቀምጣ ብታገኛት በምን ዓይኔ አያታለሁ?"

የደሙ ውጤት ሲመጣ በሽታው አላጠራጠረም። መድኃኒቱ ጠብታ ነው፤ ያን ሰሞን ግን ጠፍቶ ነበር። ዙልፋ ከደሴ እስኪያመጡላት ድረስ ነኢማን በየቀኑ ረፋዱ ላይ ፀሐይ እንዲያሞቋት ነገረቻቸው። እማማ ከድጃ እሺ ብለው ሄዱ።

ከወር ተኩል በኋላ ነኢማ ስትመረመር ምንም ለውጥ የለም። ዙልፋ እህል አልበላ አላት። "ምን አጥፍቼ ነው?" እያለች ወረቀቷን ታገላብጣለች። እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝና "አሮጊቷ ዋሽተውሽ ይሆናል" አልኳት። በዚህ ቃሌ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ቅዳሜ በሚኒባስ መርሳ፣ ከዚያ በባጃጅ ግራና ሄድን። ቤቱ መንገድ ዳር ነው። እማማ ከድጃ በራቸው ላይ፣ ፀሐይ መሐል፣ ላብ በላብ ሆነው ተቀምጠዋል። በእቅፋቸው ብርድ ልብስ ጠቅልለው ይዘዋል፤ ከጥቅሉ ውስጥ የምትታየው የነኢማ አፍንጫ ብቻ ናት።

"አንድ ቀን አላስታጎልኩም፣ ወላሂ!" አሉ ገና ሳንጠይቃቸው።

"ታዲያ ለምን ሸፈኗት፣ እማማ?"

"ምች ይምታት? ደሞስ መንገድ ዳር ገላዋን ገልጬ ያለፈ ያገደመው ዓይን ይብላት?"

ላስተምራቸው አፌን ስከፍት ዙልፋ ቆነጠጠችኝ። እሷ አጠገባቸው ቁጭ ብላ "አንቱ የራስዎን ልጆች ቅቤ ቀብተው የት ነበር የሚያሞቋቸው?" አለቻቸው።

"ጓሮ" አሉ እማማ ከድጃ። "ያኔ ቤታችን ከመንገድ የራቀ ነበር።"

"ገላቸውን ሸፍነው ነበር?"

"ኧረ ራቁታቸውን!"

"ምች መታቸው?"

አሮጊቷ ሳቁ። ከቤቱ ጀርባ በቁልቋል የታጠረች ጠባብ ጓሮ ነበረች። ሰሌን ተነጠፈ። እኔ ወንድ ነኝና በር ላይ ቀረሁ፤ ግን ሁሉም ይሰማኛል።

"አንቺስ?" ይላሉ እማማ ከድጃ። "ቀን ሙሉ ቤት ውስጥ ውለሽ ክንድሽ ነጥቷል። እጅጌሽን ሰብስበሽ ቁጭ በይ!"

አዋቂዋ ባለቤቴ ታዝዛ ቁጭ አለች። ለእማማ ስትናዘዝ ሰማኋት፤ ለካስ የራሷን ደም መርምራ ቫይታሚኑን ዝቅተኛ ሆኖ አግኝታው ደብቃኝ ኖሯል። እስከ ወልድያ ድረስ ስስቅባት ተመለስን።

ጠብታውም በሳምንቱ ደረሰ። ዙልፋ በየጁምዓው ትደውላለች፤ መልሱ ያው "አልሐምዱሊላህ፣ አለች" ነው። አራት ወር እንዲህ አለፈ።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ ስልኳ ጮኸ። እማማ ከድጃ ናቸው፤ ጩኸታቸው እኔም ድረስ ይሰማል።

"ልጅቷ ጠፍታብኝ ነበር! ምንጣፍ ላይ አስቀምጫት ውኃ ልቀዳ ወጣ አልኩ። ስመለስ የለችም። ጮህኩ፤ ጎረቤት ተሰበሰበ። ለካ ጓሮ ሰሌኑ ላይ ተቀምጣ ታየናለች! ግድግዳውን ይዛ በገዛ እግሯ ሄዳ!"

ዙልፋ ስልኩን እንደያዘች አለቀሰች። እኔም ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። በመጨረሻ እንባዋን ጠርጋ "ማሻ አላህ" አለች። "ጠብታውን ግን እንዳያቋርጡ፣ እማማ።"

"እንግዲህ ማን ይይዛትና!" አሉ እማማ ከድጃ።