የሂቦ አሥራ አንድ ድንጋዮች

ዛሬ ጠዋት ከአንዲት ተማሪዬ ኪስ ሰባት ድንጋይ ወጣ። ራሷ ነች እየተነጫነጨች ጠረጴዛዬ ላይ የዘረገፈችው፤ እኔም ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሆን ከስንት ኪስ ስንት ጉድ እንዳወጣሁ እያሰብኩ በረጅሙ ተነፈስኩ። የምሠራው ሀርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር፣ ከሚኒባሶቹ ጥሩንባ በአንድ ግድግዳ ብቻ በሚለይ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ፊደል አልገባ ያላቸው፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚያለቅሱ፣ የማይናገሩና ጓደኛ የሚናከሱ ልጆች ወደ እኔ ክፍል ይላካሉ፤ ከእያንዳንዳቸው ጋርም «አሰስመንት» የሚባል አራት ገጽ የልጅ መመዘኛ ፎርም ይመጣል። የፎርሙ የመጀመሪያ ጥያቄ «ልጁ በቦታው ተረጋግቶ ይቀመጣል?» ይላል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ጥያቄውን የጻፈውን ሰው አግኝቼ እሱኑ የወላጆች ስብሰባ ላይ ሦስት ሰዓት ባስቀመጥኩት ያሰኘኛል።

ከድንጋዮቹ አንዱ እርጥብ ነበር፤ ከቧንቧው ሥር ተነስቶ መሆን አለበት። የራሰ ኖራ ሸተተኝ። በዚያ ሽታ ጣሪያ ወደሌለው ቤታችን ተመለስኩ፤ ፎርሙን እስክሞላም ጊዜ አልሰጠኝም።

ከመጀመሪያው የጦርነት ሽሽት ማለትም ሦስት ዓመት ከኖርንባት ከጅግጅጋ ወደ ሀርጌሳ ስንመለስ የከተማው ቤት ሁሉ ቆርቆሮው ተነቅሎ ነበርና ዝናብ ሲመጣ ሳሎንና ግቢ ልዩነት አልነበራቸውም። አባቴ አናጺ ነው፤ የሰው በርና መስኮት ሲጠግን እየዋለ የራሱን ቤት ግን በሸራ ሸፍኖ «ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር» ይል ነበር። ከግቢ ውጭ ያለ ድንጋይ ማንሳት ክልክል ነው፤ የተቀበረ ፈንጂ የት እንዳለ ማንም አያውቅም። በግቢው ውስጥ ግን ከፈረሰው ግድግዳችን የረገፈ ድንጋይ እንደ ልባችን ነበረ፤ ኖራው እንደተለጠፈበት፣ ዝናብ ሲነካው ያው የዛሬው ዓይነት ሽታ ያለው።

በእኛ በሶማሌዎቹ ዘንድ ልጅ አፉን እንደፈታ የአባቶቹን ስም ይማራል። ራሱን ብሎ፣ አባቱን ብሎ፣ አያቱን ብሎ ወደ ላይ ይቆጥራል። የቤት ቁጥር በሌለበት አገር መታወቂያው ይኸው ነው፤ እንግዳ ማደሪያ የሚያገኘው፣ የጠፋም ልጅ ለወገኖቹ የሚደርሰው በዚህ ነው። ከእኛ ይጠበቅ የነበረው አሥራ አንድ ስም ነበር። እኔ በሁለት ቀን በቃሌ ወጣሁት፤ መውጣቴንም ለጎረቤት ሁሉ ሳልታክት አሳወቅኩ። በአራት ዓመት የምታንሰኝ እህቴ ሂቦ ግን ስምንት ዓመት ሞልቷት አራተኛው ስም ላይ ትቆማለች። ቆማም ጣሪያ ወደሌለው ሰማይ ታያለች።

አባቴ ድምፅን ከፍ ማድረግ ማስተማር ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነበር፤ አራተኛው ላይ ስትቆም በወትሮው ድምፅ ይጀምርና አምስተኛውን ሲነግራት ጎረቤት ሁሉ የእኛን አባቶች በቃሉ አጠና። እሱ ሲሰለቸው ለእኔ አስረከበኝ። እኔ ደግሞ ከእሱ የባስኩ ነበርኩ። እጆቿን ይዤ፣ ጉልበቷን በጉልበቴ ተጭኜ፣ ከምንጣፉ እንዳትነሳ አድርጌ እደጋግምላታለሁ፤ ትደግማለች፤ ዞር ስል ሁሉም ጠፍቷል። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ማለት ይኼ ነው። በዚያ ላይ አትቀመጥም። ቁጭ አድርጌያት ዓይኔን ስመልስ ተነስታለች። በመጀመሪያው የአውሮፕላን ድብደባ ቀን፣ ገና ዳዴ ትል በነበረችበት ጊዜ፣ ግድግዳው የፈረሰው እሱን ተደግፋ በተቀመጠችበት እንደነበር ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ተርፋለች ብለን አላህን አመስግነናል እንጂ ያንንና ይኼን አገናኝቶ ያሰበ ከመካከላችን አልነበረም።

የጅግጅጋ አስተማሪያችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ማለት ይወድ ነበር። በእኛ ቤት እንቁላሉ ይሄዳል፣ ትምህርቱ ነው የማይሄደው እያልኩ በሂቦ ላይ እዘባበት ነበር፤ ለዚያውም እናቴ እንዳይገባት በአማርኛ። ከጅግጅጋ ይዘነው የመጣነው አማርኛ የሁለታችን የምሥጢር ቋንቋ ነበር፤ በእሱ ነበር የምንሳሳቀው፣ እኔም እሷን የምሰድበው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ አሰጣለሁ ብዬ ግቢ ስወጣ ሂቦ የኖራ ድንጋዮቿን በመስመር ደርድራ፣ አንዱን በእግሯ ነካ እያደረገች ስም ትጠራለች። ራሷን አለች፤ ተራመደች፤ አባታችንን አለች፤ ተራመደች። አራተኛውን አለፈች። ስምንተኛው ላይ ጥቂት ዘገየች፤ እግሯን አነሳች፣ መለሰች፣ ከዚያ ስሙ መጣላት። አሥራ አንድ። እርጥብ ልብስ በክንዴ ላይ እንደተንጠለጠለ ቆሜ ቀረሁ። ደስ ብሎኝ ነበር ማለት እፈልጋለሁ፤ እውነቱ ግን በጣም ተናደድኩ። ያን ሁሉ ወር ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ያስተማርኳት እኔ ሆኜ የተማረችው ግን ከድንጋይ ነው።

ለአባቴም አልነገርኩም። በዚያው ሳምንት የአባቴ አጎት የወንድማቸውን የልጅ ልጆች ሊያዩ መጡና፣ እንደ ወጉ፣ ሻዩን እየጠጡ «እስቲ ቁጠሩልኝ» አሉ። እኔ በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩ። ሂቦ ወጣች፤ ድንጋዮቿን በቀሚሷ ታቅፋ ተመለሰችና ምንጣፉ ላይ መደርደር ጀመረች። ሽማግሌው ሳቁ። «ይቺስ ቤት ልትሠራ ነው» አሉ። የሰፈር ሰው በር ላይ ነበር፤ እሱም ሳቀ። አባቴ ፊቱን አዞረ። እኔ ተነስቼ ድንጋዮቹን ሰበሰብኩ፤ ወጥቼም በአጥሩ ላይ አንድ በአንድ ወደ ውጭ ወረወርኳቸው፤ ወጥታ ልታነሳቸው ወደማትችልበት። ከዚያ በምሥጢር ቋንቋችን «እንደ ሰው ተቀምጠሽ ተናገሪ» አልኳት።

ተቀመጠች። ምንም አልተናገረችም።

ወር ሳይሞላ በአየር ማረፊያው በኩል ተኩስ ተጀመረና ከተማው ለሁለተኛ ጊዜ ተነቀለ። አባቴ ዕቃ ሊያወጣ ወደ ኋላ ቀረ፤ እኛን ወደ ድንበር በሚሄድ የጭነት መኪና አሳፈረን። እናቴ ሕፃኑን ወንድማችንን አዝላ ከፊት፣ እኔና ሂቦ ከኋላ። ረዳቱ ሁሉም ሰው ይቀመጥ እያለ ይጮኻል፤ ሂቦ ትነሳለች። እጎትታታለሁ፤ ትነሳለች። ሰው ሁሉ አጉረመረመ፤ አንዷ ረገመችኝ። በመጨረሻ «እንግዲያው እንደፈለግሽ» ብዬ እጇን ለቀቅኩት። ወደ እናቴ የሄደች መስሎኝ ነበር። እናቴ ደግሞ ከእኔ ጋር ያለች መስሏታል። ሂቦ ግን ቁልቁል ወርዳ መሬት ላይ ቆማለች፤ ተኩሱ ሲቀርብ መኪናችን ተነሳ፣ እሷን አንድ ሰው አንስቶ ከኋላችን ባለው ላይ ጫናት፤ ያኛው መኪና ሰዎቹን ከእኛ ግማሽ ቀን መንገድ ርቆ አራገፋቸው።

ዘጠኝ ቀን። እናቴ አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣችኝም፤ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። አባቴ በአራተኛው ቀን በእግሩ ደረሰና በድንበሩ አካባቢ ከስደተኛ ሰፈራ ወደ ሰፈራ እየዞረ ጠየቀ። ሰው ሁሉ የሚመልስለት አንድ ነበር፦ የጠፋች ልጅ ከሆነች አባቶቿን ትቁጠርና ወገኖቿ ይሰማሉ፤ እስካሁን የቆጠረች የለችም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገሩን ሂቦን ያስጠጓት ሴት ናቸው፤ ኤዶ ማለትም አክስት ኸዲጃ የሚባሉ፣ ቁጡ አሮጊት። መጀመሪያ ቀን አጠገባቸው አስቀምጠው የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቋት። ሂቦ እንዳስተማርኳት ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ ዝም። በማግስቱም እንዲሁ። ዲዳ ናት አሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ አእምሮዋ ልክ አይደለም አሉ። የድንኳኑ ደጃፍ ላይ ድንጋይ ትደረድራለች፤ ኤዶ ኸዲጃ ይሰናከሉበትና ያነሱታል፤ መልሳ ትደረድራለች። ያነሳሉ፤ ትደረድራለች። በዘጠነኛው ቀን አሮጊቷ ሰለቻቸው። «ተይው፣ ድንጋዩን እኔ ዞሬው ልለፍ» ብለው ጀርባቸውን ሰጥተዋት ወደ ውስጥ ገቡ። ያኔ ከደጃፉ ቀስ ያለ እርምጃና የስም ድምፅ ተሰማቸው፤ አንድ፣ ሁለት፣ አራት አልፎ፣ ስምንተኛው ላይ ዘግይቶ፣ አሥራ አንድ። ለቀትር ሰላት የሚሄዱ ወንዶች ስሞቹን ይዘው ሄዱ፤ ወንዶቹ ለሾፌሮች ነገሩ፤ በማግስቱ ረፋድ ላይ አንድ ሾፌር አሥራ አንዱን ስም ድንኳናችን በር ላይ ቆሞ ጠራው። እናቴ ስምንተኛው ላይ ሳይደርስ መንገድ ጀምራ ነበር።

ይኸውና፣ በዕውቀትም በፎርምም ሳይሆን፣ አንዲት የሰለቻቸው አሮጊት ፊታቸውን ስላዞሩ እህቴ ተገኘች። እኔ ይህን ለመማር ድሬዳዋ ድረስ ሄጄ የመምህርነት ዲፕሎማ ይዣለሁ።

ሂቦ ከተመለሰች በኋላ አባቴ፣ በሕይወቱ ሰምቼው በማላውቀው ዝቅተኛ ድምፅ፣ አንድ ጊዜ እንድትቆጥርለት ለመናት። እኔን አየችኝ። ከዚያ እግሯን አጣጥፋ፣ እንደ ሰው፣ ተቀመጠች። አባቴ ሁለተኛ አልጠየቃትም። በዚያ ዓመት ተከፍቶ በነበረው ትምህርት ቤትም ተቀምጣ ዝም ብላ ከረመች፤ መምህሩ ጨዋ ልጅ ናት እያለ ከክፍል ክፍል አሻገራት፤ ሦስተኛ ክፍል ላይ ማንበብ እንደማትችል ሲታወቅ አስወጣት። ዛሬ ጅግጅጋ ውስጥ የአራት ልጆች እናት ናት፤ ሱቅ አላት፤ ስሟን ግን በአውራ ጣቷ ነው የምትፈርመው።

ለተማሪዬ ድንጋዮቿን ከመመለሴ በፊት፣ ክፍሉ ባዶ ሲሆን፣ ሰባቱን ጠረጴዛዬ ላይ ደረደርኳቸውና በጣቴ እየነካሁ መቁጠር ጀመርኩ። በሁለት ቀን የወጣሁት እኔ፣ ሰባተኛው ላይ ድንጋዩ አለቀብኝ፤ ስሙም አለቀብኝ። ስምንተኛው አልመጣልኝም። አባታችን ካረፈ ዓመት አልፏል፤ ከእሱ ሌላ ልጠይቅ የወደድኩት አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ለሂቦ ደወልኩ። በአማርኛ፣ እንደ ድሮው፣ ስምንተኛው ማን ነበር አልኳት። ከኋላዋ የሱቁ ጫጫታ ይሰማል፤ የእርምጃ ድምፅ እሰማለሁ ብዬ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

«ዝጊው አባዮ» አለችኝ፤ አባዮ እኛ እህትን የምንጠራበት ነው። «እኔ እደውልልሻለሁ።»

ዘጋሁት። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ደውላ ስሙን ነገረችኝ።