ፀሐይ ያልጠጣ ታንኳ

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ከኮሌጅ መጥታ፣ ዓባይ ማዶ ደጃችን ላይ የሽምብራ እሸት ስንፈለፍል፣ የጥንት ግሪኮችን ተውኔት አወጋችኝ። ባሏ የከዳት ሴት በደም የምትበቀልበት ነው። "እማማ፣ እንዲህ ያለች ሴት በእውነት ትኖራለች ይላሉ?" አለችኝ።

አንዷን አውቃለሁ። በአንድ ቁርበት ተኝተን ያደግን ታላቅ እህቴ ጥሩ ናት።

አጎታችን ሰው ገድሎ ነበርና ሽማግሌዎች ደሙን ለማድረቅ ጥሩን ለሟች ወንድም ለአለሙ ዳሯት። ታቦት ፊት ተማምለው ቂሙ ቀረ ተባለ። እሷን የጠየቃት የለም። አለሙ ጣና ላይ ዓሣ ያጠምዳል። ደንገል ከሚባለው የሐይቅ ዳር ቄጠማ የታሰረ ታንኳ ከውኃ በወጣ ቁጥር ፀሐይ ካልጠጣ ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል፤ ያን ማቆምና ማድረቅ የእሷ ሥራ ሆነ። እሱ ዞር ብሎም አያይ። እኔም ላግዛት አብሬያት እኖር ነበር።

ደርግ መጣና አለሙ የቀበሌ ጠመንጃ ታጠቀ። ወንድማችን ሙሉ በአብዮት ጠላትነት ሲፈለግ ወደ እኛ ሸሸ። ጥሩ ከደንገሉ ክምር ሥር ደበቀችውና ለባሏ ነገረችው። ታቦት ፊት ምሎ የለ! በማግሥቱ ወታደር አስከትሎ መጣ። ሙሉን እግሩን ይዘው ጎትተው አወጡና አሸዋው ላይ ተኮሱበት። መስከረም ነበር፤ ሐይቁ ሞልቶ ደጃችን ደርሷል፤ ማዕበሉ ደሙን እየላሰ ተመለሰ።

ጥሩ እሪ አለች። አለሙ በሰደፍ አፏን መታት፤ ጥርሷ ረገፈ።

"ለአብዮት ጠላት አይለቀስም! የወንድሜን ደም መለስሁ። አርፈሽ ራቴን ሥሪ!"

"እሺ፣ ጌታዬ" አለች ደሟን እየዋጠች።

እናታችን መርዶው ሲደርሳት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች፤ ማልቀስ ያሳስር ነበራ።

ከዚያ ወዲህ ጥሩ የራሰውን ደንገል ከሥር ትታ ደረቁን ከላይ ታስርበት ጀመር። "እታለም፣ ይሄ አልደረቀም እኮ" ብላት፣ "አንቺ ገመዱን አቀብይኝ" አለችኝ።

አንድ ጧት ነፋስ ተነሣ። አለሙ ዝናሩን እንደታጠቀ ወጣ። ከዳር ብዙም ሳይርቅ ታንኳው ከሥሩ ተበተነ። ዝናሩ ወደ ታች እየጎተተው፣ "ጥሩ! ዘንጉን!" ይላል። ዳር የቀረውን ትርፍ የታንኳ መግፊያ ዘንግ ይዛ እስከ ደረቷ ገብታ ዘረጋችለት። ተመስገን፣ ልታወጣው ነው አልሁ። ሊይዘው ሲል ጉሮሮው ላይ ተከለችውና ባላት ክብደት ሁሉ ተጫነችው። ውኃው መንቦቅቦቁን እስኪተው አልለቀቀችም።

ከዚያ ዘንጉን ጥላ ፊቷን እየቧጨረች ጮኸች። አገር ተሰበሰበ። ባል የሞተባትን ማን ዝም ያሰኛል? እናታችንም ደረሰች፤ እናትና ልጅ በቀበሌ ሰዎች ፊት ሳልስት እስኪወጣ ደረታቸውን ደቁ።

"እንዴት ብትወደው ነው!" አሉ ለቀስተኞች።

ሁለቱ ለማን እንደሚያለቅሱ ግን እኔ አውቃለሁ።

የልጅ ልጄ የያዘችውን እሸት አስቀመጠች። "ታዲያ ልክ ነበረች?" አለችኝ።

"ነፍስ ማጥፋት ኃጢአት ነው ልጄ፤ እሷም እስክትሞት ስትሰግድ ኖራለች። እኔን የሚከነክኑኝ ደም በሴት ልጅ ይደርቃል ያሉት ሽማግሌዎች ናቸው።"

አሁንም ሐይቅ ዳር ስዞር፣ ፀሐይ ላይ የቆመ ታንኳ ካየሁ ሆዱን በእጄ ሳልዳስስ አላልፍም።