ለረጅሙ የተሰፋ ልባስ

ጆሃንስበርግ ውስጥ በዚህ ዘመን የሚያስፈራው ፊቱን ያልሸፈነ ሰው ሆኗል። ልጄ ኤልያስ ዲፕስሉት ውስጥ ሱቅ አለው፤ ፍርግርግ ብረት ባለው መስኮት ዳቦ፣ ዘይትና የስልክ ካርድ ይሸጣል። "ድሮ አፉን የሸፈነ ሰው ሲመጣ መስኮቱን እንዘጋ ነበር፤ አሁን ያልሸፈነውን 'ማስክህ የታለ?' ብለን እንመልሳለን" ይለኛል። የሚለኝ እየሳቀ ነው። እኔ ግን ያን ሳቅ አላምነውም።

የመጣሁት ለሦስት ወር ልጠይቀው ነበር። በሽታው ገባና አውሮፕላኑ ቆመ። መብረር ከጀመረ በኋላም "ትንሽ ይርጋ" እየተባለ፣ ይኸው ሁለተኛ ክረምቴን ሜይፌር ባለው ቤቱ አሳለፍኩ። የዚህ አገር ክረምት ዝናብ የለውም። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይዋም እያለች፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። እስካሁን አልለመድኩትም። እኔ ባደግሁበት አገር ብርድና ጉም አብረው የሚመጡ ነገሮች ናቸው።

በሰኔ ውስጥ፣ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ታምራት ሊጠይቀን መጣ። የኤልያስ ጓደኛ ነው፣ የሆሳዕና ልጅ። ዛንድስፕሩት ሱቅ ነበረው፤ ማስክ ያደረጉ ሰዎች በጠራራ ፀሐይ ገብተው ስለዘረፉት ዘግቶታል። ከፎርድስበርግ ትኩስ ሳምቡሳ ገዝቶ ነበር። ኤልያስ ቋሚ የመኖሪያ ወረቀት ስላለው ሕጉ መሣሪያ ይፈቅድለታል። ትምህርቱን ወስዷል፣ ፈተናውንም አልፏል። የቀረው ሽጉጡን መምረጥ ነበርና ሁለቱም በስልኩ ላይ አቀረቀሩ።

"አጭሩን ውሰድ" አለ ታምራት። "ረጅም በርሜል ይዘህ እዚያች ሱቅ ውስጥ ብትዞር መጀመሪያ የምትመታው የስኳሩን መደርደሪያ ነው።"

"አጭሩ ከሩቅ አይመታም ይላሉ እኮ።"

"ሌባ ከሩቅ ሲዘርፍ አይተህ ታውቃለህ? እኔን የዘረፈኝ ልጅ ከመቅረቡ የተነሳ የበላው ቺፕስ በማስኩ ውስጥ ይሸተኝ ነበር።"

ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ መሰለኝ። ቀጥለው ከአፈሙዙ ሥር ስለሚታሰር መብራት፣ ዒላማው ላይ ስለሚያርፍ ቀይ ነጥብ፣ ሽጉጡ ስለሚገባበት የወገብ አፎት ተነጋገሩ። ከዚያ ስለ ጥይቱ። አንዱ ዓይነት የቆርቆሮ ግድግዳ በስቶ ያልፋል አለ ኤልያስ፤ ከሱቁ ጀርባ ደግሞ አንዲት ሴት ሕፃናት ይዛ ትኖራለች። ሌላው ዓይነት የመታው ሰው ውስጥ ይቀራል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ላስብ ሞከርኩ። ሐሳቡ አልሄደልኝም።

"እማዬ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?" አለኝ ኤልያስ። "አጭሩ ይሻላል ረጅሙ?"

ይህንን ጥያቄ ከዚህ በፊት ሰምቼው ነበር። የያዝኩትን ሳምቡሳ ሳህኑ ላይ መለስኩት።

ያኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ከደብረ ብርሃን መንዝ ወዳለው ቤታችን ለክረምት ተመልሼ ነበር። አባቴ ነጋዴ ነው። ገብስና የበግ ጠጉር ባና ጭኖ ገደሉን ወደ ይፋት ይወርዳል፤ ከዚያ በርበሬ፣ ጥጥና ጨው ጭኖ ይወጣል። መንገዱን የማያውቅ ሰው አንድ አገር ነው ብሎ አያምንም። ጠዋት ከላይ ስንነሳ እስከ ዓይናችን በባና ተጠቅልለን ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ከታች ማሽላው ውስጥ ላብ በላብ እንሆናለን። ስንመለስ ደግሞ ያወለቅነውን አንድ በአንድ እየለበስን እንወጣለን።

በዚያ ዓመት ገደሉ ላይ ሽፍታ በዝቶ ነበር። ፊታቸውን በባና ሸፍነው ከጉሙ ውስጥ ይወጣሉ ይባላል። ግን በዚያ አገር በክረምት ፊቱን ያልሸፈነ ማን አለ? አባቴ የነበረው ከአያቴ የወረሰው ረጅም ምንሽር ጠመንጃ ነው። ከትከሻው ሲወርድ ጥሻውን እየነካ፣ በቅሎዋን እየወጋ ያስቸግረዋል። ስለዚህ በእሱ አጭር ቤልጅግ ሊለውጥ አሰበ።

ነገሩ ሰፊ ምክር ሆነ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ አበጋዝ እኛ ቤት መደብ ላይ ተቀምጠው፣ በአንድ እጃቸው የጠላ ዋንጫ እንደያዙ፣ "አፈሙዙ ያጠረ ጠመንጃ ምን ይሉታል? ገደል ለገደል ነው የምትተኩሰው፤ ከዚህ ማዶ ማን ያደርስልሃል?" አሉ።

ቤልጅጉን ያመጣው ነጋዴ ደግሞ፣ "ጉም ውስጥ ማዶ አለ እንዴ ጋሼ? የራስዎን እግር ካዩ መቼ አነሰ" አላቸው።

ሁለቱም እውነት መሰለኝ። አንዱ ሲናገር እሱን አምናለሁ፣ ሌላው ሲመልስ ወደዚያኛው እሄዳለሁ። ጋሽ አበጋዝ እንደገና፣ "ረጅም የያዘን ሰው ከሩቅ አይተው ይፈሩታል፤ ስለዚህ መተኮስም አያስፈልገው። አጭሩን ግን ባና ሥር ትደብቀዋለህ፤ የሚደበቅ መሣሪያ የሌባ ነው" አሉ። ይህም እውነት መሰለኝ።

ጥይቱም የራሱ ጣጣ ነበረው። የረጅሙ ጥይት ለአጭሩ አይሆንም። ነጋዴው አዲሱን ጥይት እንደ ባቄላ ጨርቅ ላይ ዘረገፈው፤ አንዳንዱ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። አባቴ እያንዳንዱን አንስቶ በመዳፉ ይመዝናል፣ ጆሮው ሥር ይነቀንቃል። ምን እንደሚሰማ አላውቅም። ጋሽ አበጋዝም የሚያውቁ አልመሰለኝም፤ እሳቸውም ግን ይነቀንቁ ነበር።

"የተማርሽው፣ ነይ እስቲ ቂጡ ላይ ያለውን አንብቢው" አሉኝ።

በመስኮቱ ብርሃን አገላብጬ አየሁት። "ቁጥር ነው" አልኩ።

"ቁጥር መሆኑማ ለእኔም ታየኝ" አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ አባቴ እንኳ ሳቀ።

በመጨረሻ አባቴ ቤልጅጉን ወሰደ፤ የአያቴ ምንሽር ከነጋዴው ጋር ሄደ። የምንሽሩን ልባስ ግን ነጋዴው እጁን ሲዘረጋ እናቴ ቀማችው። ከጥቁር በግ ጠጉር የተሠራ፣ ዳር ዳሩ በቀይ ክር የተሰፋ፣ ጠመንጃው ከነአፈሙዙ የሚገባበት ከረጢት ነው። እኛ ዘንድ ጠመንጃ ራቁቱን አያድርም፤ ራቁቱን ያደረ መሣሪያ ደም ይጠራል ይባላል። ያ ልባስ ደግሞ አያቴ ሲሞት ለቅሶው ላይ ከጠመንጃውና ከፈረሱ ጋር ወጥቶ ተለቅሶበታል።

"ጠመንጃውን ለወጡት፤ ይሁን" አለችው አባቴን። "ይህን ግን አይለውጡትም።"

ቤልጅጉን አለበሰችው። በጣም ረዘመበት፤ ትርፉ እንደ ባዶ እጅጌ ተንጠለጠለ። ይቆረጥ ሲባል እምቢ አለች፤ የተለቀሰበት ጨርቅ መቀስ አይነካውም። ትርፉን ከላይ አጥፋ በጠፍር አሰረችው። ጋሽ አበጋዝ እስኪያስላቸው ሳቁ፦ "ወይ ጉድ! ሕፃን ልጅ የአባቱን ካባ ለበሰ።" አባቴም ዝም ብሎ አነገተው። ለምን ዝም እንዳለ ያኔም አልገባኝም። ቶሎ እንዲወጣለት ብሎ አጭር ጠመንጃ የመረጠ ሰው ነው።

በጳጉሜ፣ የዓመት በዓል በርበሬ ልናመጣ አብሬው ወረድኩ። ለደብተርና ለቀሚስም ነበር። ገበያው ቀናን። ስንመለስ ከገደሉ ወገብ በላይ ጉሙ ተቀበለን። ጭቃው የበቅሎዋን እግር እየያዘ ቹፍ ቹፍ ይላል፤ እርጥብ በርበሬ በስልቻው ውስጥ ይሸታል። አባቴ ከፊት ነው፤ እኔ ከኋላ የበቅሎዋን ገመድ ይዣለሁ። መንገዱ ከጠበበበት፣ በአንድ በኩል ግድግዳ በሌላው በኩል ገደል ከሆነበት ቦታ ስንደርስ ሁለት ሰዎች ቆመው አየን። እስከ ዓይናቸው በባና ተጠቅልለዋል። አንደኛው ረጅም ነገር ይዟል።

አባቴ ቆመ። "ማን ነህ?" አለ።

መልስ የለም።

"ሰው ከሆንክ ተናገር! ማን ነህ?"

ዝም። ሰላምታም የለ፣ "እንደምን ዋላችሁ"ም የለ። በእኛ አገር መንገድ ላይ ሰላም የማይል ሰው ክፉ ያሰበ ብቻ ነው። ረጅሙን ነገር የያዘው አንድ እርምጃ ወደ እኛ መጣ።

አባቴ ባናውን ጣለ፤ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ፤ ጠፍሩን ፈታ። ከዚያ ያየሁትን እስካሁን አያለሁ። ቤልጅጉ ልባሱ ውስጥ ወደ ታች ሰምጧል። የአባቴ እጅ እስከ ክርኑ ገባ። ይጎትታል፤ የታጠፈው ጨርቅ ከሰደፉ ጋር ይጠቀለላል። እንደገና ይጎትታል። ትንፋሹን እሰማለሁ። "ተኚ! መሬት ተኚ!" አለኝ፤ እኔ ግን ገመዱን እንደያዝኩ ቀረሁ። እንሞታለን ብዬ አሰብኩ። ደብተሮቹ ይረጥባሉ ብዬም አሰብኩ።

ያን ጊዜ የቀረበን ሰው አለቀሰ።

ጮክ ብሎ አይደለም፤ አፉን በባናው አፍኖ ነው። አባቴ ግን እጁ ከልባሱ ውስጥ እንዳለ ደረቀ። ሰው የሥጋ ዘመዱን ልቅሶ ያውቃል። "ሰይፉ?" አለ።

የጋሽ አበጋዝ ልጅ ነበር። አብሮት ያለው ጎረቤታቸው ነው። ሰይፉ የያዘው ረጅም ነገር ዱላ ነበር። "ቶሎ እንዲመጡ ተብሏል" አለ ጎረቤትየው፣ መሬት መሬት እያየ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

አባቴም አልጠየቀም። ለካ ጋሽ አበጋዝ በዚያ ጠዋት ሞተዋል። መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም፤ ቤት ገብቶ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በሽማግሌ አፍ ነው። ሰይፉ አጎቱን እንዲያፋጥን ተልኮ መጣ፤ አፉን ቢከፍት መርዶው ያመልጠዋል፤ ፊቱንም ቢገልጥ ዓይኑ ይናገርበታል። ስለዚህ ተሸፋፍኖ ዝም አለ። ሁላችንም ዝም ብለን ወጣን። አባቴ ሁሉን አውቋል፤ ግን እንዳላወቀ ሆኖ ሄደ።

ለቅሶው ላይ ወንዶቹ ጠመንጃቸውን ከፍ አድርገው ወረዱ፤ ተተኮሰ። አባቴ የያዘው ቤልጅግ ከነልባሱ ነበር። ሰው አየና አጉረመረመ። እሱ ግን አላወጣውም።

አርባው ካለፈ በኋላ አንድ ቀን እናቴ ልባሱን ፀሐይ ላይ ስታሰጣ፣ "ይህ ነገር ረዘመ" አላት አባቴ።

መቀሷን አነሳች። "ልቁረጠው?"

ብዙ ጊዜ አየው። "ተዪው" አለ።

ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር ሲያነሳ አልሰማሁትም። ሰይፉ ትዳር ይዞ፣ ልጆች ወልዶ፣ ሸምግሎ ነው የሞተው። አጭሩ ቶሎ ቢወጣ ኖሮ ያ ሁሉ አይኖርም ነበር። ግን እዚያ የቆሙት ሽፍቶች ቢሆኑስ? እኔም ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። አባቴ "ተዪው" ያለው ልባሱ ሰይፉን ስላዳነ ይሁን፣ የአባቱ ስለሆነ ይሁን፣ ወይም ደክሞት ይሁን አላውቅም። ስንት ጊዜ አስቤው ስንት ጊዜ ሐሳቤን እንደለወጥኩ የማውቀው እኔ ነኝ።

"እማዬ?" አለኝ ኤልያስ። "የትኛው?"

ታሪኩን አልነገርኳቸውም። ስልኩ ላይ የሚታየውን አፎት በጣቴ አሳየሁት። "ይህ ምንድን ነው?"

"እሱ ምርጥ ነው እማማ" አለ ታምራት። "ማሰሪያ የለውም፤ ነካ ሲያደርጉት ብልጭ ብሎ ይወጣል።"

"ቶሎ የማይወጣ የለም?" አልኩ።

ታምራት ሳምቡሳው ትን እስኪለው ሳቀ። "እማማ፣ እንግዲያው በሳጥን ቆልፈን ቁልፉን ለእርስዎ እንስጥዎት!" ኤልያስ ግን አልሳቀም። እኔን አየኝ፤ ከዚያ ስልኩን በፊቱ ደፋው።

ብርዱ ካለፈ በኋላ ፈቃዱ ወጣና ገዛ። አጭሩን ነው። ጥይቱ ግድግዳ የማይበሳው ዓይነት ነው አለኝ። አፎቱ በላዩ ላይ ቁልፍ ያለው ማሰሪያ አለው፤ ካልተፈታ አይወጣም። "ታምራት ይስቅብኛል" አለ። ደግ አደረግሁ ወይስ ልጄን አስገደልኩት? ይህንንም አላውቅም።

ማታ ማታ ሲመጣ በሩን እኔ ነኝ የምከፍተው። በበሩ ቀዳዳ ስመለከት እስከ ዓይኑ የተሸፈነ ሰው ቆሟል። ቁመቱ የልጄ ነው፣ ጃኬቱም የእሱ ነው። ቢሆንም እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ላይ "ሌላ ማን ይመጣል?" እያለ ይቀልድብኝ ነበር፤ እንዳይቀልድ ነገርኩት። ማንም ይጠይቅህ፣ የትም ቁም፣ ስምህን ጥራ አልኩት። ምክንያቱን አልጠየቀኝም።

"ማን ነህ?"

"እኔ ነኝ እማዬ፣ ኤልያስ።"

ወዲያው ይመልሳል። በጥያቄዬና በመልሱ መሐል ያለችው ጊዜ አጭር ናት። እኔ ግን በእሷ ውስጥ የበቅሎዋን ገመድ ይዤ እቆማለሁ።