የውሃ አባቱና የተደፈነው ቦይ

አብዱረዛቅ ሸዋ ሮቢት አጠገብ ለሽንኩርት ገበሬዎች የመስኖ ተራ የሚያከፋፍል የውሃ አባት ነበር። በ1998 ዓ.ም. ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ጎረቤቱ ሁሉ «የወፍ በሽታ ነው» ስላለው ሦስት ሳምንት የቅጠል ጭማቂ ጠጣ። መላ ሰውነቱን የያዘው ማሳከክ ግን አላስቀምጥ አለው፤ እያከከ ከቦይ ቦይ ሲንከራተት ይውላል። ሽንቱ እንደ ሻይ ጠቆረ፣ ዓይነ ምድሩ ነጣ።

ሚስቱ ፈሪሃ ጎትታ ክሊኒክ አደረሰችው። ሐኪሟ በአልትራሳውንድ አይታ ወረቀት ላይ አንዲት መስመር አሰመረች።

«ሐሞት ከጉበት ወደ አንጀት የሚወርደው በዚህች ቀጭን ቱቦ ነው። ስትደፈን ሐሞቱ ወደ ደም ይመለሳል፤ ዓይንዎን ያቀለመው፣ የሚያሳክክዎትም ይኸው ነው። አንጀት ስለማይደርስ ደግሞ ዓይነ ምድርዎ ነጣ።»

ይኼንንስ አብዱረዛቅ ያውቀዋል፤ ቦይ ሲደፈን የላዩ ማሳ ይጥለቀለቃል፣ የታቹ ይደርቃል።

«የደፈነው ደለል ነው?»

«ጠጠር ቢሆን በወደድኩ። ከራሷ ከቱቦዋ ግድግዳ የበቀለ ካንሰር ይመስለኛል። አዲስ አበባ ይመርመሩ፤ ቀድመው ከደረሱ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል።»

«ቅጠሉ እኮ አንድ ሳምንት ይቀረዋል።»

«አንተ ሰውዬ!» አለች ፈሪሃ፤ «ቦይ ተደፍኖ አንድ ሳምንት ጠብቀህ ታውቃለህ?»

አንድ ቀን እንኳ ጠብቆ አያውቅም። አካፋውን ለጎረቤቱ አስረከበ። በማግስቱ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ደብረ ሲና ለቁርስ ሲቆም፣ አብዱረዛቅ ሾፌሩን እያጣደፈ ነበር።